ከስደተኛ ሕፃናት ጋር መጽሐፍን አብሮ ማንበብ፦ ለጀማሪ አስነባቢዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ፣ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎና እስከ ካዛንቺስ ባለው አካባቢ፣ ስደተኛ ሕፃናትንና የሰፈሩን ልጆች አንድ ላይ አስቀምጠው በሳምንት አንድ ቀን መጽሐፍ ሊያነቡላቸው ለሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ ልጆች በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ እንዲስተናገዱ ስለደነገገ፣ ከተማው ውስጥ የሚኖር ስደተኛ ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የመማር መብት አለው። የክፍሉ ቋንቋ ግን በአብዛኛው አማርኛ ነው። ሰንዓ እያለች ዐረብኛ አቀላጥፋ ታነብ የነበረች የዘጠኝ ዓመት ልጅ እዚህ ስትመጣ ገና ፊደል ካልቆጠሩት ጋር ትቀመጣለች፤ ማንበብ የምታውቅ ልጅ እንደማታውቅ ትቆጠራለች፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ እሷም ይህንኑ ታምናለች። አብሮ ማንበብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ይህ መርሐ ግብር የአማርኛ ማጠናከሪያ ትምህርት አለመሆኑ ነው። ፊደል ማስቆጠር የመምህሩ ድርሻ ሲሆን፣ የአስነባቢው ድርሻ ከልጁ ጋር አንድ ገጽ ላይ ተቀምጦ ማውራት ነው። ለዚህም ጥቂት መጻሕፍት፣ የማይለዋወጥ ሰዓት፣ የማይለዋወጥ አስነባቢ፣ እንዲሁም ልጁ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ በላይ የሚንዛዛ ዕቅድ፣ በእኔ ልምድ፣ ሥራውን ሲያደናቅፍ እንጂ ሲረዳ አላየሁም።

አንደኛ፦ ከቤተሰቡ ጋር መተዋወቅ

ልጆቹን ከመጥራትዎ በፊት ወላጆቻቸውን ወይም አሳዳጊዎቻቸውን ሄደው ያነጋግሩ። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይበቃም፤ የማያውቁት ሰው የልጆቻቸውን ስም ሲሰበስብ መሥጋታቸው ተገቢ ነውና። ዕድሜያቸው የገፋ ኤርትራዊት እናት «አደይ»፣ ከየመን ወይም ከሱዳን የመጡትን «ኻላ» ብሎ መጥራት በር ይከፍታል፤ እርግጠኛ ካልሆኑ «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ይሻላል።

የሚጠየቀው ጥቂት ነው፦ ልጁ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ይናገራል፣ ከዚህ በፊት በምን ቋንቋ ማንበብ ጀምሮ ነበር፣ ማን ያመጣዋል፣ ማንስ ይወስደዋል። ከዜግነት ተነሥተው ቋንቋውን አይገምቱ። ኤርትራዊ የሆነ ልጅ ሁሉ ትግርኛ ተናጋሪ አይደለም፤ ትግረ ወይም ሳሆ ሊሆን ይችላል፣ ሱዳን ውስጥ ያደገ ከሆነም ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ዐረብኛ ይሆናል። ከደቡብ ሱዳን የመጣው ኑዌርኛ፣ ዲንክኛ ወይም የጁባ ዐረብኛ ይናገር ይሆናል። የማይጠየቀው ደግሞ የስደተኛ መታወቂያ፣ የመጡበት መንገድና የወጡበት ምክንያት ነው። የሰነድ ጉዳይ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ሥራ እንጂ የአስነባቢ ሥራ አይደለም። ለወረዳው አስተዳደርና ልጆቹ ለሚማሩበት ትምህርት ቤት ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚደረግ፣ የት እንደሚደረግና ማን እንደሚያደርገው በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ቦታና ሰዓት

ልጆቹ በእግራቸው ሊደርሱበት የሚችሉ፣ ሰፊ አስፋልት ሳያቋርጡ የሚገቡበት ክፍል ይፈልጉ። ታክሲ የሚያስይዝ ቦታ ሁለት ልጅ ላላት እናት በየሳምንቱ የማትችለው ወጪ ስለሚሆን፣ መጀመሪያ የሚቀሩት በጣም የሚያስፈልጋቸው ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ ካስፈቀዱ፣ አለዚያም የወጣቶች ማዕከል ወይም የዕድር አዳራሽ ካገኙ በቂ ነው። ዶክተር ራና ደጃኒ የተባሉ ዮርዳኖሳዊት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 አማን ውስጥ በሰፈራቸው መስጊድ ለልጆች ማንበብ ጀምረው ሥራቸው ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል፤ በኋላም ስደተኞች የሚኖሩባቸው መጠለያዎች ድረስ ዘልቋል። የእሳቸው ጥበብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያለ ሥጋት የሚገባበትን ቤት መምረጣቸው ነው። እዚህ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ልጅ በአንድ ምንጣፍ ስለሚቀመጥ፣ ያንኑ ጥበብ ስንከተል የምንደርሰው የማንም የአምልኮ ስፍራ ወዳልሆነ ክፍል ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል። ዓርብ ለአንዱ፣ እሑድ ለሌላው የጸሎት ቀን ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ ንባቡ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይይዛል፣ የቀረው ለመግቢያ፣ ለሥዕልና ለመክሰስ ይውላል። መክሰሱ ዳቦና ሙዝ ወይም ቆሎ ከሆነ በጾምም በፍስክም ያገለግላል። በረመዳን የሚጾሙ ትልልቅ ልጆች ስለሚኖሩ፣ በዚያ ወር መክሰሱን ለሁሉም ወደ ቤት በሚወሰድ ፌስታል አድርጎ መስጠት ይሻላል።

ክፍሉ ውስጥ ወንበር መደርደር አያስፈልግም። ሰሌን ወይም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ አስነባቢው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ብርሃኑም ከልጆቹ ኋላ ወደ መጽሐፉ ይምጣ። አስነባቢው መስኮት ሥር ከተቀመጠ ልጆቹ የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። በሩ ክፍት ይሁን፤ በማንኛውም ጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቅር።

ሦስተኛ፦ አስነባቢዎችን ማጣመር

ከ10 እስከ 12 ልጆች ላለው ቡድን ሁለት አስነባቢዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሌላው ከስደተኛው ማኅበረሰብ የመጣ። ሁለተኛው አስተርጓሚ አይደለም። መጽሐፉን እኩል ይይዛል፣ እኩል ያነባል፣ ልጆቹም ሁለቱን «ቲቸር» ብለው ይጠሯቸዋል። የገዛ ቋንቋው ከአማርኛው እኩል ከፍ ባለ ድምፅ ሲነበብ የሰማ ልጅ ትከሻው ሲቃና በዓይን ይታያል። እናቶች፣ አያቶች፣ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ወንድሞችና እኅቶች ለዚህ ሥራ ይመቻሉ፤ የትራንስፖርት ገንዘብ ግን በሰዓቱ ሊሰጣቸው ይገባል። እያንዳንዱ አስነባቢ መጽሐፉን ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ቤቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ።

አራተኛ፦ መጻሕፍቱን ማዘጋጀት

በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደው ኋላም አሜሪካ የገቡት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠሩ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ይህ ማጣት ወደ አገራቸው መልሷቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ ይኖሩበት በነበረው ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ዛሬ ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ከአራት ኪሎ ወይም ከመርካቶ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አምስት ወይም ስድስት መጽሐፍ ይበቃል። ሥዕሉ ከሁለት ሜትር ርቀት የሚታይ፣ በአንድ ገጽ ከሁለት ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ ጽሑፍ ያለው ይሁን። ልጅ ጠፍቶ የሚፈለግበት፣ ቤት የሚቃጠልበት ወይም ወታደር የሚታይበት መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይነበብ።

በልጆቹ ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ ሱቅ ውስጥ ማግኘት ግን ይከብዳል። ለዚህ ሁለት ነፃ የኢንተርኔት ስብስቦች ይረዳሉ፤ በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ ያተኮረው አፍሪካን ስቶሪቡክና ከሕንድ የተነሣው ስቶሪዊቨር። ሁለቱም ታሪኮቻቸው እንዲታተሙና እንዲተረጎሙ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም እንደነበረ መተው ግን ግዴታ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው በኤ3 ወረቀት በቀለም ያሳትሙት፤ ሽፋኑን ያስለብጡት፤ በክር ይስፉት። የስቴፕለር ሽቦ በሁለተኛው ሳምንት ይላቀቃል፣ የትንንሾቹንም ጣት ይወጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የገጽ አቅጣጫ ነው፤ ብዙዎች ሳያስቡት የሚሳሳቱበትም ይኸው ነው። የዐረብኛ መጽሐፍ የሚገለጠው ከቀኝ ነው። የአማርኛውን መጽሐፍ ጽሑፍ ብቻ ተርጉመው ዐረብኛውን ከሥሩ ቢለጥፉበት፣ ዐረብኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ ከመጨረሻው ገጽ ተነሥቶ ታሪኩን ወደ ኋላ ያየዋል፤ በአንድ ገጽ ላይ ተከታታይ ሥዕሎች ካሉም ቅደም ተከተላቸው ይገለበጥበታል። ስለዚህ ለዐረብኛው ለብቻው የተሰፋ፣ ከቀኝ የሚገለጥ ቅጂ ያዘጋጁ። ሁለቱ መጻሕፍት ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ መከፈታቸው የሰፈሩን ልጆች እጅግ ያስደንቃቸዋል፤ ያን ጊዜ አስረጂው ስደተኛው ልጅ ይሆናል። ሶማልኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ አቅጣጫው ከአማርኛው ጋር አንድ ነው፤ ከአማርኛው በታች በሌላ ቀለም መጻፍ ይበቃል። ትግርኛው በዚያው በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ትርጉሙን ሁልጊዜ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ይሥራው፣ ሌላ ሰውም ደግሞ ይየው።

ከልጆቹ ጋር አብሮ የሚሠራ መጽሐፍ ከሁሉ ይበልጣል። እኛ በየዓመቱ የምንጀምረው በሰውነት ክፍሎች ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ልጆቹ አንድ የሰውነት ክፍል ይሥላሉ፣ ስሙንም በየቋንቋቸው ይነግሩናል። በአማርኛ «ዓይን» የምንለው በትግርኛ «ዓይኒ»፣ በዐረብኛ «ዐይን» ነው። የእኛ «ጆሮ» ለብቻው ሲቀር፣ የትግርኛው «እዝኒ» እና የዐረብኛው «ኡዝን» ዘመድ ሆነው ይገኛሉ። ሶማልኛው ዓይንን «ኢል» ይላል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲያገኙት የሚወጣው ጩኸት ከአዳራሹ ውጭ ይሰማል፤ ዝም አያሰኟቸው።

አምስተኛ፦ ንባቡን መምራት

አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። አስነባቢው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ይመልሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ሶማሌው ልጅ «ሼኮ ሼኮ» ብሎ ይጀምር፣ ሌሎቹ «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይቀበሉት፤ ዐረብኛ ተናጋሪዋ «ካን ያ ማ ካን» ትበል፣ ትግርኛ ተናጋሪው «ጽንጽዋይ» ይበል። ምንም አማርኛ የማያውቅ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አፉን ከፍቶ ከሌሎች ጋር የሚናገረው ይህን ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድን መጽሐፍ ሦስት ቅዳሜ ያንብቡት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽፋኑን አሳይተው ምን ሊሆን እንደሚችል ያስገምቱ፣ ከዚያም ሳያቋርጡ በሁለቱም ቋንቋ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በሁለተኛው እየቆሙ ይወያዩ። በሦስተኛው መጽሐፉን ልጆቹ ይያዙት፤ በፈለጉት ቋንቋ ይተርኩት፣ አስነባቢው ያድምጥ። አዲስ መጽሐፍ በየሳምንቱ ማምጣት ለጋሽን ያስደስት ይሆናል፤ ልጅ ግን ቃል የሚይዘው በድግግሞሽ ነው። በዚያ ላይ ነገ የት እንደሚያድር ለማያውቅ ልጅ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ገጽ አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ የሚደረገው ውይይት የታወቀ አካሄድ አለው። ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ አዋቂው አንባቢ፣ ልጁ አድማጭ ከሚሆኑበት ንባብ ይልቅ ልጁ ተናጋሪ የሚሆንበት ንባብ የቋንቋ ችሎታውን እንደሚያፋጥን አሳይተዋል። አካሄዱ አራት ነገሮች አሉት፦ ልጁን ስለ ሥዕሉ ማናገር፣ የተናገረውን መቀበል፣ ጥቂት ጨምሮ ማስፋት፣ የሰፋውን እንዲደግመው መጋበዝ። ለምሳሌ ሥዕሉ ላይ ውሻ አልጋ ሥር ተኝቷል እንበል። አስነባቢው «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፤ ልጁ በትግርኛ «ከልቢ» ይላል። «አዎ፣ ከልቢ፤ ውሻ ነው። ትልቅ ውሻ አልጋ ሥር ተኝቷል። የት ነው የተኛው?» ልጁ «አልጋ ሥር» ይላል። በዚህ ቅብብል ውስጥ «አይ፣ ውሻ ነው የሚባለው» የሚል እርማት የለም፤ «ከልቢ» ትክክለኛ መልስ ነበርና።

ጠይቀው ሲያበቁ ይጠብቁ። በልብዎ ቀስ ብለው እስከ አምስት ይቁጠሩ። ልጁ ጥያቄውን ወደ ቋንቋው መልሶ፣ መልሱን አስቦ፣ ደግሞ ወደ አማርኛ ማምጣት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሰፈሩ ልጆች ቀድመው ስለሚመልሱ፣ ተራው ጥያቄው የተነሣለት ልጅ መሆኑን በእርጋታ ያስገንዝቡ። «ለምን ይመስልሃል?» የሚለውን ጥያቄ ለቆዩት፣ «የቱ ነው?» የሚለውን ለአዲሶቹ ያቅርቡ፤ አዲሱ በጣቱ ቢመልስም መልስ ነው። ለብዙ ሳምንታት አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሚቀመጥ ልጅ ይኖራል። እሱን ገጽ ገላጭ ያድርጉት። አንዲት ልጅ ለሁለት ወራት ያህል ገጽ ስትገልጥልን ከቆየች በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ሁለት ገጽ አብሮ ተጣብቆ ቢገለጥባት «አይደለም፣ ዘለልን» ብላ በአማርኛ ተናገረች።

በግዕዝ ፊደል ማንበብ የጀመረ የትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ሲያነብ ለአንድ ነገር ይጠንቀቁ። በአማርኛ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» በአነጋገር አንድ ሆነዋል፤ በትግርኛ ግን «ሐ» እና «ዐ» ከጉሮሮ የሚወጣ የራሳቸው ድምፅ አላቸው። ልጁ «ሐኪም» የሚለውን ቃል ከጉሮሮው ቢያነብ አልተሳሳተም፤ ፊደሉን እንደተጻፈው ነው ያነበበው። የሚስቁ ልጆች ካሉ፣ እንዲያውም ልጁ ልዩነቱን ለሁሉም ያሰማ። መጨረሻው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ነው፤ ከዚያ ዳቦው ይታደላል።

ስድስተኛ፦ ጥንቃቄ

አንድ ጊዜ ቤተሰብ የተሣለበት ገጽ ላይ ቆሜ አንዱን ልጅ «አባትህ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። ተነሥቶ ወጣ፤ ሦስት ቅዳሜም ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንከተለው ሥርዓት ጥያቄ ሁሉ ስለ ሥዕሉ ሰዎች እንዲሆን ነው፦ «የዚህ ልጅ አባት ምን እየሠራ ነው?» ልጁ ከራሱ ሕይወት ጋር ማገናኘት ከፈለገ ራሱ ያመጣዋል። ሲያመጣውም ይሰማል፣ «ስለነገርኸን እናመሰግናለን» ይባላል፣ አይመረመርም፣ በሌሎች ፊትም አይብራራም። ሌሊት እንደማይተኛ የሚናገር፣ ጉዳት የሚታይበት ወይም ያለ አሳዳጊ የሚኖር ልጅ ካጋጠመ፣ አስነባቢው ሐኪም ለመሆን አይሞክር፤ በዚያው ቀን ለዚህ ጉዳይ አስቀድሞ ለተወከለው አስተባባሪ ይንገር፣ አስተባባሪውም ጉዳዩን ለሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ያድርስ። የባለሙያው ስልክ ሥራው ሳይጀመር መያዝ አለበት።

የልጆቹ ፊት በፎቶ አይነሣ። አንዳንዶቹ ቤተሰቦች ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ርቀው የሚኖሩ ናቸውና፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የሚለቀቅ አንድ ፎቶ ያሉበትን ሊያሳውቅባቸው ይችላል። ለሪፖርት ካስፈለገ እጃቸውና መጽሐፉ ብቻ ይነሣ፤ ለዚያም አሳዳጊ ይፍቀድ።

ሰባተኛ፦ መጽሐፍ ማዋስ

ከአንድ ወር በኋላ ልጆቹ መጽሐፍ ወደ ቤት ይውሰዱ። ዳዳብ በተባለው የኬንያ መጠለያ ያደገውና ወደዚያው መጻሕፍት በማድረስ እ.ኤ.አ. በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የናንሰን ሽልማት የተሰጠው አብዱላሂ ሚሬ ሕይወቱን የሰጠው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው። መያዣ አይጠየቅም፣ ለጠፋ መጽሐፍም አይቀጣም። መጽሐፉ በጨርቅ ቦርሳ ይሰጥ፤ ክረምት ከገባ ቦርሳው ውስጥ ፌስታል ይጨመር። አማርኛ የማታነብ እናት ሥዕሉን እያየች በቋንቋዋ ብትተርክ ንባቡ የተሟላ መሆኑን አስረድተው ይስጧት። ሁለት ወር ሲሞላ ደግሞ ልጆቹን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ወደተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይውሰዷቸው፤ የመግቢያውን ሥርዓት አስተባባሪው ቀድሞ ሄዶ ይጠይቅ።

ስምንተኛ፦ ምዝገባ

በአንድ ደብተር ቀኑን፣ የመጽሐፉን ስም፣ የመጡትን ልጆች የመጠሪያ ስም ብቻ፣ እያንዳንዱም የተናገረውን አንድ ነገር ይጻፉ። ፈተና አይሰጥም። ደብተሩ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ዘጠነኛ፦ ቤተሰብ ሲነሣ

ፒያሳና ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ብዙ ነዋሪ ተነሥቶባቸዋል፤ ተከራይ የነበሩ ስደተኞችም አብረው ይነሣሉ፣ ሌሎች ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ ወሬው የሚሰማው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀር ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በእጅ የተሰፋ መጽሐፍ አንድ ትርፍ ቅጂ ሁልጊዜ መደርደሪያው ላይ ይኑር። ልጁ እንደሚሄድ በተሰማ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን መጽሐፍ እሱ ራሱ ይምረጥ፤ በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ጓደኞቹ ስማቸውን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፊደል ይጻፉለት፤ ቅዳሜን መጠበቅ የማይቻል ከሆነም አስነባቢው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይስጠው።